ባለ 50 ሉኳ ደብተር፦ ውሎን ለመጻፍ ከሷ የተሻለ አላገኘሁም

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ጊዜ የሌለው ሰው ይቺን አንብቦ ይሂድ። በየቀኑ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ተማሪ የሚይዛት ባለ 50 ሉክ ደብተር ከቆዳ ለበሱ ማስታወሻ፣ ከባንክ አጀንዳና ከስልክ አፕ ትበልጣለች። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቻታለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በወረቀቷ ነው፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

የማወራው ስለ አንድ ፋብሪካ ምርት አይደለም። አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ለገሐር ወይም ሜክሲኮ አካባቢ የትኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስትገቡ ከባንኮኒው ጀርባ ተደርድራ ታገኟታላችሁ። ሽፋኗ ላይ አንዴ አበባ፣ አንዴ ኳስ ተጫዋች፣ አንዴ የፋሲል ግንብ ይወጣል። ከጀርባዋ ብዙ ጊዜ የማባዛት ሠንጠረዥ አለ። ሁላችንም አብረናት አድገናል። 50 ሉክ ማለት 100 ገጽ ነው፣ በቀን አንድ ገጽ ለሚጽፍ ሰው ከሦስት ወር በላይ ትሄዳለች። ዋጋዋ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። ቢሆንም መሃል ከተማ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ከነኬኩ የሚያዝ ሰው ደብተር ተወደደ ብሎ ሊያማርር አይችልም።

እኔ ደራሲ አይደለሁም። ለገሐር አካባቢ አንድ ቢሮ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ቁጥር ነው። ልብ ወለድ አልጽፍም፣ ግጥም አልሞክርም። የምጽፈው ውሎዬን ነው። ምን ሆንኩ፣ ምን ሰማሁ፣ ማን አናደደኝ፣ ነገ ምን አለብኝ። በቃ።

መጀመሪያ ደብተር የገዛሁ ዕለት ባለሱቁ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ «ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ነው?» አሉኝ።

«ለራሴ ነው ጋሼ።»

«የማታ ትምህርት ጀመርሽ?»

«አይ፣ ውሎዬን ልጽፍበት ነው።»

ትንሽ አዩኝና «ምን ያደርግልሻል?» አሉ። እስቲ ልየው አልኳቸው። «እንግዲያው ሁለት ውሰጂ» ብለው ሁለተኛዋን ጨመሩልኝ። ጎበዝ ነጋዴ ናቸው። ጥያቄያቸው ግን ተገቢ ነው፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ግማሹ ለእሳቸው መልስ ነው።

በመጀመሪያ ተፎካካሪዎቿን እንያቸው።

የባንክ አጀንዳ። እዚህ ከተማ አጀንዳ የማያሳትም መሥሪያ ቤት ያለ አይመስለኝም። ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ኤንጂኦው፣ ሁሉም ያድላል። በነጻ ስለሚገኝ «ዘንድሮስ መጻፍ እጀምራለሁ» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። አያስኬድም። ስትከፍቱት የቦርድ ሰብሳቢው ፎቶ ይቀበላችኋል፣ ቀጥሎ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች፣ ከዚያ የቅርንጫፎች ስልክ ቁጥር። ያን ሁሉ አልፋችሁ ቀኑ ጋ ስትደርሱ ቀኑ ታትሞ ይጠብቃችኋል። ብዙዎቹ ጃንዋሪ ብለው ነው የሚጀምሩት። የእኛ ዓመት የሚብተው መስከረም 1 ነው። ጳጉሜ፣ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን የምትሆነው ወር፣ እዚያ ውስጥ የራሷ ቦታ የላትም። ሰዓቱም ከጠዋቱ 8 ተብሎ ይታተማል፣ እኛ ያንን 2 ሰዓት ነው የምንለው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያትሙ አሉ፣ እነሱ ይሻላሉ።

ዋናው ጥፋቱ ግን ሌላ ነው። ቀን የታተመበት ወረቀት ዕዳ ይሆናል። ሰኞ ጽፋችሁ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ሥራ በዝቶባችሁ፣ ሐሙስ ስትከፍቱት ሁለቱ ባዶ ገጾች አፍጥጠው ያያችኋል። ሰው ደግሞ ዕዳውን የሚያስታውሰውን ነገር ይሸሻል። እንደዚህ ነው አጀንዳው እስከ የካቲት ሳይደርስ የስልክ ቁጥር መጻፊያ የሚሆነው። ቀን ያልታተመባት ደብተር ላይ ግን ባዶ ቀን የሚባል ነገር የለም። ሰኞ ጻፍኩ፣ ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ሐሙስ ብዬ እቀጥላለሁ። ማንም አይጠይቀኝም።

ይሄ የእኔ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን አንድ አዲስ ነገር ልማድ እንዲያደርጉ አስጀምራ ተከታትላቸው ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን መሃል ላይ ያለው ሰው 66 ቀን ፈጅቶበታል፣ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፣ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ልማዱን አላበላሸውም። እዚህ አገር መድረክ ላይ ወጥተው «በ21 ቀን ሕይወታችሁን ቀይሩ» የሚሉን ሰዎች ይቺን ቢያነቧት ደስ ይለኛል። በ22ኛው ቀን ገና አልለመድኩም ብሎ የተወ ስንቱ ነው።

ቆዳ ለበሱ ማስታወሻ። ስጦታ ነው የደረሰኝ፣ ሽፋኑ ላይ የላሊበላ መስቀል ተቀርጾበታል፣ ማሰሪያ ገመድ ሁሉ አለው። በጣም ያምራል። የማይጻፍበትም ለዚህ ነው። እንደዚያ ባለ ነገር ላይ «ዛሬ ምሳ ሽሮ በላሁ፣ አለቃዬ ተቆጣ፣ ታክሲ ጠፋ» ብሎ መጻፍ ነውር ይመስላል። ትልቅ ሐሳብ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ፣ ትልቅ ሐሳብ ደግሞ ማክሰኞ ማታ ደክሟችሁ ቁጭ ባላችሁበት አይመጣም። የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና ላይ ተጽፎ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል፣ እሰየው፣ የእኔ ሽሮ ግን ያን ያህል እንዲቆይ አልፈልግም። በዚያ ላይ ወረቀቱ የተያያዘው በሙጫ ብቻ ስለነበር ትንሽ ስጠቀምበት ገጾቹ መውለቅ ጀመሩ። አሁን የልደት ወረቀትና የውክልና ሰነድ ማስቀመጫ ሆኗል፣ ለዚያ ጥሩ ነው።

ስልክ። እዚህ ጋ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ፊደላችን ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ዛሬ ማንኛውም ስልክ ላይ አማርኛ እንደልብ ይጻፋል። መብራት ሲጠፋ ስልክ የራሱ ብርሃን አለው። ቁልፍ አለው። የዛሬ ዓመት የጻፋችሁትን በአንድ ቃል ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ፣ ደብተሬ ይሄን አትችልም። ሰልፍ ላይ ቆማችሁ በአንድ እጅ ትጽፋላችሁ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ማስታወሻ ልጽፍ የከፈትኩት ስልክ ቴሌግራም ላይ ያደርሰኛል፣ ከዚያ አንድ የሠርግ ቪዲዮ፣ ከዚያ የምንዛሪ ዋጋ፣ ከዚያ ሌሊቱ 6 ሰዓት። ደብተር ግን ሌላ የሚከፈት ነገር የለባትም። የራሱን ልክ የሚያውቅ ሰው በስልኩ ይጻፍ፣ እኔ አልቻልኩም።

እንግዲህ ደብተሯ ያለ እስክሪብቶ ምንም ናት፣ ስለሱም ልበል። እኔ ቢክ ነው የምጠቀመው፣ ያቺን ቀለሟ ከውጭ የሚታየውን። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ገበያ ላይ አለች፣ ቅርጿም ያን ያህል አልተለወጠም። ስድስት ጎን ስላላት ከጠረጴዛ ላይ ተንከባልላ አትወድቅም። ክዳኗ ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ ደግሞ ለጌጥ አይደለችም፣ ልጅ ቢውጠው አየር እንዲያልፍ ነው። ክዳን የማኘክ ልማድ ላለብን አዋቂዎችም ሳይጠቅም አይቀርም። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ቀለሟ ነው። የኳስ ጫፍ እስክሪብቶ ቀለም ቅባትነት አለው፣ ውሃ ሲነካው በቀላሉ አይፈስም። የጄል እስክሪብቶ ቀለም ግን ውሃ ነው መሠረቱ። ሐምሌ ላይ ከስታዲየም እስከ ለገሐር በዝናብ የሄደች ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው የጄል ጽሑፍ ሰማያዊ ኩሬ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ በቢክ የጻፍኩት ገጽ ተጨማደደ እንጂ ይነበባል። በጄል መጻፍ እጅ ላይ ይጥማል፣ አልክድም። ክረምት ላይ ግን አይታመንም።

አሁን ወደ ጉድለቷ። ወረቀቷ ስስ ነው። ፎቶ ኮፒ የምናደርግበት ወረቀት ብዙ ጊዜ 80 ግራም የሚባለው ነው፣ የተማሪ ደብተር ከዚያ ይሳሳል። ብዕር ወይም ማርከር ከተጠቀማችሁ ቀለሙ ወደ ጀርባ ያልፋል፣ አንድ ሉክ የአንድ ገጽ ሥራ ብቻ ይሠራል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ስናደድ እስክሪብቶ እጫናለሁ፣ የንዴቴ ቀን ገጽ በጀርባው በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። አንዳንዶቹ ደብተሮች መሃላቸው ላይ በሁለት ሽቦ ብቻ ነው የተያዙት፣ ሽቦው ሲላላ መሃለኛው ሉክ ተገንጥሎ ይወጣል። በክር የተሰፋ ካገኛችሁ ጥቂት ብር ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ፣ ሲዘረጋ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይቀመጣል፣ በክርን መያዝ አያስፈልግም። ጠንካራ ሽፋን ያለው የመዝገብ ዓይነትም አለ፣ እሱ ግን ለቦርሳ ይከብዳል፣ ደግሞ ቢሮ ያለሁ ይመስለኛል።

ባለሱቁ ለጠየቁኝ መልስ ልምጣ፣ ምን አደረገልኝ?

በመጀመሪያ እንቅልፍ። ማታ ጋደም ስል ጭንቅላቴ ሥራ ይጀምር ነበር። የወር መዝጊያ ሪፖርት፣ የቤት ኪራይ፣ ለአክስቴ ሳልደውል የቀረሁት፣ ያልተመለሰ የጋዝ ሲሊንደር። አሁን ከመተኛቴ በፊት የነገውን ሥራ አንድ በአንድ እጽፋለሁ። ይሄንንም የፈተሹት አሉ። አሜሪካ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስከሊን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ 57 ወጣቶችን ቤተ ሙከራ ውስጥ አስተኝተው፣ ግማሾቹን ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠሩትን እንዲጽፉ፣ ግማሾቹን ደግሞ ሠርተው የጨረሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኙ። ዝርዝራቸው በዛ ባለና ቁርጥ ባለ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ። ስለዚህ «ነገ ሥራ አለ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። «ጠዋት 3 ሰዓት የገቢዎችን ፎርም ይዤ ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ» ነው የሚባለው። ዘጠኝ ደቂቃ ለእናንተ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ጣሪያ እያየ ለሚያድር ሰው ትንሽ አይደለም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔኔቤከር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሳንድራ ቢል ጋር ሆኖ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ አስጻፈ። አንዳንዶቹ ተራ ነገር ጻፉ፣ አንዳንዶቹ ለማንም ያልተናገሩትን የሕይወታቸውን ከባድ ነገር። ከባዱን ነገር ከነስሜቱ የጻፉት ወዲያው አልቀለላቸውም፣ እንዲያውም በዕለቱ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ከሌሎቹ ያነሰ ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በመቶ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ሙከራዎች ተሠርተዋል፣ አንድ ላይ ሲደመሩ ጥቅሙ አለ፣ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ መጻፍ ተአምር ነው የሚላችሁን አትስሙ። የራሱ የፔኔቤከር ቀጣይ ሥራዎች ያሳዩት አንድ ነገር ግን በእኔ ላይ አይቼዋለሁ፦ ይበልጥ የተጠቀሙት በቀናቱ ውስጥ ከ«እንዲህ ተደረግኩ» ወደ «ለካ እንዲህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» እየሄዱ የጻፉት ናቸው። ያንኑ ብሶት ያንኑ ሆኖ በየቀኑ መገልበጥ ብሶት ማጠንከር ነው። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሜ ሰሞኑን ሁሉ ስለሷ ነበር የምጽፈው። ያኔ ያጻፈኝ ንዴት ነው፣ መልሼ ሳነበው ግን አንድ ነገር ታየኝ፦ የምንጋጨው ሁልጊዜ ወር መዝጊያ ላይ ነው፣ ሁለታችንም እስከ ማታ በምንቆይበት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለኝ፣ ጸቡ የሰው ሳይሆን የቀን ሆነ። ደብተር ሐኪም አይደለችም ደግሞ፣ ጽፎ የማይለቅ ሐዘን ያለበት ሰው ሐኪም ጋ ይሂድ።

ራስ ምታቴንም ያገኘችልኝ እሷ ናት። ያመኛል እያልኩ እጽፍ ነበር እንጂ መቼ እንደሚያመኝ አስቤው አላውቅም። ገጾቹን ሳገላብጥ ረቡዕና ዓርብ በዙ። ጾም ነው ብዬ እስከ ከሰዓት ቡና የማልቀምስባቸው ቀኖች። ቡና የለመደ ሰው ሲቋረጥበት ራሱን እንደሚያመው የታወቀ ነው። ጾሙን አልተውኩም፣ በሌላው ቀን የምጠጣውን ስኒ ቀነስኩ። ይሄን ለማወቅ ምርመራም፣ መድኃኒትም አልተከፈለበትም።

ከሁሉም ያልጠበቅኩት ግን የከተማው ነገር ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያ የምሄድባቸው ቤቶች አብረው ሄዱ። አሁን በዚያ ሳልፍ የቱ የት እንደነበር ይምታታብኛል፣ ደብተሬ ላይ ግን አለ። ጥብስ የበላሁበት ቤት ደረጃው ስንጥቅ እንደነበረ፣ ጫማ የሚያድሱት ሰውዬ የትኛው በር ሥር እንደሚቀመጡ፣ ዝናብ ሲመጣ የቱ ጋ እንደምንጠለል። ያኔ ስጽፈው ምንም አልነበረም፣ ቦታ መሙያ ነበር። የዋጋውም ነገር እንደዚሁ። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፣ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያን ሰሞን የጻፍኩት ስለ ፖሊሲ አይደለም፣ ዘይት ስንት ገባ፣ ባለሱቁ ምን አለ፣ ቢሮ ውስጥ ማን «ቀድሜ ገዛሁ» ብሎ ፎከረ የሚል ነው። አሁን ሰው «ያኔ እኮ ይሄ ነገር በዚህ ብር ነበር» ብሎ ሲከራከር፣ እኔ ገጽ እገልጣለሁ። በዚህ ምክንያት ምሳ ተጋብዤ አውቃለሁ።

ሚስጥርስ? ይሄ ሁሉም የሚጠይቀኝ ነው። እኛ አገር ቤት ውስጥ የራሱ ክፍል ያለው ሰው ስንት ነው። እህት አለች፣ እናት አለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት የምታጸዳ ልጅ አለች። ታላላቆቻችን ደግሞ ጽፎ ማስቀመጥን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ቤት ውስጥ የተገኘ ወረቀት ሰው ያስበላ ነበር፣ ስንቱ ደብዳቤውንና መጽሐፉን አቃጥሏል። እናቴ ዛሬም «ሁሉን ነገር አትጻፊ» ትለኛለች፣ እሰማታለሁም። የሰው ስም በሙሉ አልጽፍም፣ ፊደል ይበቃኛል። የሰው ሚስጥር አልጽፍም፣ የእኔ ስላልሆነ። ለቀረው ግን ደብተሯ ራሷ ጥሩ መደበቂያ ናት። ያ ቆዳ ለበሱ ማስታወሻ ከሩቁ «ሚስጥር አለብኝ፣ ክፈቱኝ» ይላል። «ሒሳብ፣ 8ኛ ክፍል» የሚል የተጻፈባትን ደብተር ማን ይከፍታል? አንድ ምክር ብቻ፦ በሽፋኑ ላይ የዕቁብ መዝገብ ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰበሰብባታል።

የት ይጻፍ ለሚል፣ ቤት ካልተመቸ መሃል ከተማው ላይ ምርጫ አለ። ቶሞካን እወደዋለሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና ሲቆላ የኖረ ቤት ነው፣ ግን ፒያሳ ያለው ዋናው ቤት ቆሞ ለሚጠጣ ሰው ነው የሚመቸው። ሁለት መስመር ጽፎ መውጣት ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ከኋላችሁ የሚጠብቀው ሰው ትንፋሽ ይሰማችኋል። የመንገድ ዳር ጀበና ቡና ለወሬ ነው፣ ዱካው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበት ላይ ነው የሚጻፈው፣ ጎረቤታችሁ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሳያፍር ያነባል። አንዱ እንዲያውም ፊደል አርሞልኛል። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ በ2014 የተከፈተው፣ ለጸጥታ ጥሩ ነው። ሁሉም ሰው ፈተና የሚያጠና ስለሚመስል እናንተም ቁምነገር የያዛችሁ ትመስላላችሁ። ባቡር ላይ ሞክሬያለሁ፣ ከስታዲየም ተሳፍሮ ቆሞ የሚሄድ ሰው እጁን ከብረቱ ላይ ማንሳት እንኳን አይችልም፣ እርሱት። ለእኔ የሠራው ቢሮ ነው። ከሥራ በኋላ ታክሲ ሰልፉ ሜክሲኮን ዞሮ በሚረዝምበት ሰዓት፣ እዚያ ቆሜ ከምናደድ ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ እጽፋለሁ፣ ስወጣ ሰልፉም ትንሽ ቀለል ብሎ ይጠብቀኛል። የጥበቃው ጋሼ ትርፍ ሰዓት የምሠራ መስሏቸው ያዝኑልኛል።

ምን እንደሚጻፍ ግራ ለሚገባው፣ ከሰዓቱና ከአየሩ ጀምሩ። «ማታ 12 ሰዓት፣ ካፊያ አለ፣ እግሬን ብርድ ብሎኛል።» ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እውነተኛው ነገር ራሱ ይመጣል። ፊደል ስለመሳሳት አትጨነቁ፣ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ቢቀላቀሉ ዲስትሪክት ትምህርት ቢሮ አይመጣም። የሚገርመው፣ ሳልጨነቅ ስጽፍ አጻጻፌ ተሻሽሏል። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ማርቀቅ ሲሆን አሁን ወደኔ ነው የሚመጣው። ይሄኛው ጥቅም ይሁን ቅጣት ገና አልወሰንኩም።

ልትገዙ ከሄዳችሁ፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ አትሂዱ፣ ወላጅ ሁሉ ዝርዝር ይዞ ይጋፋል፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ተረጋግቶ ይገኛል። ደርዘን ሲሆን ቅናሽ አለ፣ ከጓደኛ ጋር ተካፈሉ። ከመክፈላችሁ በፊት መሃሏን ግለጡና ሽቦው ወይም ክሩ መጨበጡን እዩ፣ አንድ ሉክ ወደ ብርሃን አንሱና መስመሩ ከጀርባው ጋር መገጣጠሙን ተመልከቱ። እስክሪብቶውንም እዚያው ሱቅ ካርቶን ላይ ሞክሩ፣ አስመስለው የተሠሩ አሉ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው የሚነጥፉት። ባለሱቁ ሲሞከርበት ቅር ካለው ሌላ ሱቅ ሂዱ፣ በመንገዱ ላይ ሞልቷል።